የዳሌንዳ ሳህን

በዒድ ሁለተኛ ቀን ከቀርቀና ደሴት ወደ ስፋክስ ከተማ በሚመለሰው መርከብ ላይ መቀመጫ ያገኘ ሰው አላህን አመስግኖ ዝም ማለት ነው ያለበት። እኔ ዝምታ ላይ አይሆንልኝም። ሠላሳ አራት ዓመት ሙሉ ልጆችን "ዝም በሉ!" ስል የኖርኩ መምህርት ነኝ፤ ጡረታ ስወጣ ዝምታውን እዚያው ክፍል ውስጥ ለልጆቹ ትቼላቸው የወጣሁ ይመስለኛል።

ያን ቀን ከወንድሜ ቤት ነበር የምመለሰው። በአንድ እጄ የደረቀ ኦክቶፐስ፣ በሌላው ሳህኖቼን ያጨቅሁበትን ዘንቢል ይዤ ወደ ላይኛው ፎቅ ስወጣ አግዳሚዎቹ ሁሉ ሞልተዋል። ጥጉ ላይ ግን አንዲት ሴት ባሕሩን እያየች ብቻዋን ተቀምጣለች። ከጎኗ በነጭ ፎጣ የተቋጠረ ነገር አለ፤ እሱም እንደ ሰው አንድ ቦታ ይዟል።

"ልጄ፣ ይሄን ነገር መሬት ብናወርደው እኔ እቀመጥ ነበር" አልኳት።

"መሬት አይወርድም" አለችና አንስታ ጭኗ ላይ አደረገችው። "ይቀመጡ።"

"ምንድነው? እንቁላል ነው እንዴ?"

"ሳህን ነው።"

"ሳህንማ እኔም ይዣለሁ። ሦስት ሰጥቼ ሦስት ተቀበልኩ። ሁለቱ በተምር ብስኩት ተሞልተው ተመለሱ፤ ሦስተኛውን የወንድሜ ሚስት በራሷ የዘቢብ ቁሌት ሞላችልኝ። ጨው አብዝታበታለች። ሆን ብላ ነው፣ ሃያ ሰባት ዓመቷ እንዲህ ስታደርገኝ። ያንቺስ በምን ተመለሰ?"

"አላየሁትም" አለች።

ዞር ብዬ አየኋት። የዒድ ሳህን ተቀብሎ ምን እንዳለበት ያላየ ሰው ገጥሞኝ አያውቅም፤ ቤት ሳይደርሱ መፍታት ነውር ነው እንላለን እንጂ ሁላችንም በጎን ገለጥ አድርገን እናያለን። ሃምሳ ዓመት ገደማ ትሆናለች። ጥሩ ካፖርት ለብሳለች፤ እጆቿ ግን የካፖርቱ አይመስሉም። ጥፍሮቿ እስከ ሥሩ የተቆረጡ ናቸው፣ ከእጅ አንጓዋ በላይ የድሮ ቃጠሎ ጠባሳ እንደ አምባር ዞሯል።

የማውቀው ፊት ነው ብዬ ሳሰላስል፣ መኪና ከሚቆምበት ከታች የወጣ አንድ ወፍራም ሰውዬ ፊታችን ቆመ።

"ሼፍ ዳሌንዳ! አንቺ ነሽ አይደል? በቴሌቪዥን አይቼሻለሁ! እስቲ ንገሪኝ፣ ኦክቶፐስ እንዲለሰልስ ምን ይደረጋል? የኔዋ ስትቀቅለው የመኪና ጎማ ነው የሚሆነው።"

"ሚስትህ ከየት ናት?"

"ከቱኒስ።"

"እንግዲያው 'እናቴን ጠይቂያት' በላት።"

"እናቴንማ ከምትጠይቃት ጎማውን ብትበላ ይሻላታል!" ብሎ እየሳቀ ሄደ። እሷም ሳቀች። ሰውዬው ዞር ሲል ግን ሳቁ ከፊቷ ላይ ወዲያው ጠፋ፤ ልክ ሱቅ እንደሚዘጋ።

"ዳሌንዳ ነሽ ለካ!" አልኩ። "የአሮጌው ከተማ ግንብ በር አጠገብ ያለው ምግብ ቤት! የእህቴን ልጅ ስንድር እዚያ በልተናል። ታዲያ አንቺን የመሰለች ሰው ይሄን ሁሉ የምትጠነቀቂለት ሳህን የማን ነው?"

"የእህቴ ነው። ማለቴ ሳህኑ የኔ ነው፤ እሷ ናት የመለሰችልኝ።"

"ሞልቶ ነዋ።"

"የእርስዎ ሳህን ነው ሞልቶ የሚመለሰው፣ መምህርት" አለች። መምህርት መሆኔን አልነገርኳትም ነበር፤ ከአፌ አውቃው መሰለኝ። "የኔ ስድስት ዓመት ባዶውን ነው የተመለሰው።"

እንዲህ ያለ ነገር ሰምቶ ዝም የሚል ሰው ካለ እኔ አይደለሁም። ዘንቢሌን እግሬ ሥር አደላድዬ "ንገሪኝ" አልኳት።

እኛ ዘንድ ሳህን ባዶውን አይመለስም። ቤት ውስጥ ምንም ባይኖር እንኳ አንድ እፍኝ ስኳር ተደርጎበት ነው የሚመለሰው። ስኳር የማይተዋወቁ ሰዎች መልስ ነው። ይሄንኑ ለዳሌንዳ ወሬ ማስጀመሪያ ብዬ አወራኋት። ባለፈው ዓመት ከጋቤስ ከተማ መጥቶ እኛ ፎቅ ላይ የተከራየ ሰውዬ አለ፤ ለዒድ ብልክለት ስኳር መለሰልኝ፣ "እንግዳ ነኝ" ማለቱ ነው። ዘንድሮ ሚስቱ የሠራችውን ቁሌት ላከልኝ፣ ጎረቤት ሆንን። ባዶ ሳህን ግን ለሚጣሉት ሰው እንኳ አይመለስም። ዳሌንዳ ይሄን ስነግራት ራሷን እየነቀነቀች ሰማችኝ። በኋላ እንደምቆጭበት አላወቅሁም።

"እኛ የደሴቱ ሰዎች ነን፣ የአታያ መንደር" ብላ ጀመረች። "አባቴ ባሕር ውስጥ የዘንባባ አጥር ነበረው፤ ዓሣው በራሱ ጊዜ እየገባ የሚያዝበት። ሰው መሬት ይወርሳል፣ እኛ ባሕር ነበር የምንወርሰው። ወንድ ልጅ ግን አልወለደም። እኔና ታላቄ ራብሐ ብቻ ነን። እናታችን ኸድራ ትባላለች፤ የዘቢብ ቁሌት ላይ በደሴቱ እሷን የሚያክል አልነበረም።"

"ዝናዋን ሰምቻለሁ" አልኩ። አልሰማሁም ነበር፤ ግን ደስ እንዲላት ብዬ ነው።

"ቁሌቱ የሚሠራው በጾም መጨረሻ ነው፤ ያውቁታል። አሥር ኪሎ ሽንኩርት በወይራ ዘይት ከጠዋት እስከ ፀሐይ መጥለቂያ ይቁላላል። ራብሐ የተዘፈዘፈውን ዘቢብ በእጇ እያሸች በወንፊት ታጠልለዋለች፣ አንድ ልጣጭ እንዳያልፍ። እኔ አማስላለሁ። እማዬ ወንበር ላይ ቁጭ ብላ ታወራለች።"

"ሥራዋ ማውራት ነው?"

"ዋናው ሥራ እሱ ነበር! ማማሰል እንዳይሰለቸኝ፣ ራብሐም ወንፊቱን ጥላ እንዳትነሳ። የሰፈሩን ሰው አንድ በአንድ ታነሳልናለች። አንዷን አምታ ስትጨርስ 'አስተግፊሩላህ፣ ጾም ነው ለካ' ትልና ሌላዋን ትጀምራለች።" ዳሌንዳ ፈገግ አለች። "ችግሩ መቅመስ አይቻልም። ጾም ነዋ። ጎረቤቶቻችን ያልጾመ ሕፃን ጠርተው ያስቀምሳሉ። እማዬ ግን 'የሕፃን ምላስ ከረሜላ እንጂ ምን ያውቃል' ብላ እምቢ አለች። በጆሮዋ ነበር የምትሠራው።"

"በጆሮ?"

"ሽንኩርት ይናገራል፣ መምህርት። ጨው ሲበዛበት ውሃውን ቶሎ ይተፋል፤ ድስቱ ይንጫጫል። ሲያንሰው ያጉረመርማል። ሊያርር ሲል ደግሞ ፀጥ ይላል። 'ዝም ያለ ድስትና ዝም ያለ ባል እኩል ናቸው፣ ቶሎ ድረሺለት' ትል ነበር። እኔ በአሥር ዓመቴ ድስቱን ጀርባዬን ሰጥቼው ምን እንደጎደለው አውቅ ነበር።"

ደሴቲቱ ከኋላችን እያዘቀዘቀች ነው። ቀርቀና ከባሕሩ ብዙም ከፍ አትልም፤ ትንሽ ሲርቋት የቀሩት ዘንባባዎቹ ብቻ ይመስላሉ፣ ውሃ ላይ የቆሙ።

አባቷ በሳንባ ሕመም ሲሞት ዳሌንዳ አሥራ ዘጠኝ ዓመቷ ነበር። ከሁለቱ አንዷ ስፋክስ ሄዳ መሥራት ነበረባት። እናቲቱ ቀኑን ሙሉ ስታወጣ ስታወርድ ዋለች። ማታ ላይ ፍርዱን ሰጠች። "ራብሐ ትቅር፣ ወንፊቱን የሚይዝ ያስፈልገኛል። ዳሌንዳ ትሂድ። ማማሰያ የትም አገር ይገኛል።"

"ያኔ ደስ ብሎኝ ነበር" አለችኝ። "ራብሐ ደግሞ እኔ በመመረጤ አለቀሰች። ከሃያ ዓመት በኋላ ነው የተመረጠችው እሷ እንደነበረች የገባኝ።"

ስፋክስ ውስጥ አንድ ሆቴል ዕቃ አጣቢ ሆና ገባች። ወጥ ቤቱ ውስጥ ሴት እሷ ብቻ ነበረች። ሃያ ዓመት እንኳ ያልሞላትን ልጅ፣ መካ ደርሳ እንደመጣች አሮጊት፣ "ሐጃ" እያሉ ይጠሯት ነበር፤ መሐረቧን እስከ ቅንድቧ አውርዳ ስለምታስር። ሁለት ዓመት ድስት ስትፈገፍግ ቆየች።

ከዚያ አንድ ረመዳን መጣ። ሆቴሉ በየቀኑ ለሁለት መቶ ሰው ማፍጠሪያ ያቀርባል፤ አብሳዮቹ ሁሉ ጾመኞች ናቸው፣ የሚቀምስ የለም። አንድ ቀን ጨው ይበዛል፣ አንድ ቀን ያንሳል፣ እንግዳው ይጮኻል። ዋናው ሼፍ ደግሞ በአብሳዮቹ ላይ ይጮኻል። በዘጠነኛው ቀን ዳሌንዳ ትሪ ተሸክማ በትልቁ ድስት አጠገብ ስታልፍ አፏ አምልጧት "በዝቶበታል" አለች።

"ምኑ?" አለ ሼፉ።

"ጨው።"

"ቀመስሽው? ጾምሽን አፈረስሽ?"

"አልቀመስኩም፤ ሰማሁት።"

"ሰማሁት! ጨው አናገረሽ?" ወጥ ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። "እስቲ ሐጃ፣ ይሄኛውስ ድስት ምን ይልሻል? አግቢኝ ይላል?"

"እሱ ደህና ነው። ከጥግ ያለው ግን ሊያርር ነው፤ ዝም ብሏል።"

አንዱ ሮጦ ሄዶ ጥግ ያለውን ድስት በማማሰያ ሲነካው ሥሩ ይዟል። ሳቁ ቆመ። ፀሐይ ጠልቃ ሰዉ ሲያፈጥር፣ ሼፉ ከመጀመሪያው ድስት አንድ ማንኪያ ቀመሰና ውሃ ጠጣ። በማግስቱ ዳሌንዳን ከመታጠቢያው አውጥቶ ድስቶቹ መሃል አቆማት። እስከ ረመዳን መጨረሻ ሥራዋ ከድስት ድስት እየዞሩ ማዳመጥ ብቻ ነበር።

"የኔ ሹመት ይሄ ነው" አለች። "ሌላው ከዚያ እየተመዘዘ መጣ።"

እየተመዘዘ የመጣው ሃያ ዓመት ፈጀ። መጀመሪያ የወጥ ኃላፊ ሆነች፣ ከዚያ የወጥ ቤቱ ሁለተኛ፣ ከዚያ ዋና ሼፍ። በመጨረሻ ከግንቡ በር አጠገብ የራሷን ምግብ ቤት ከፈተች። በሦስተኛው ዓመት ቴሌቪዥን መጣ። አንድ አብሳይ ሊያገባት ጠይቋት ነበር፤ ሥራ ትተሽ ቤት ትውያለሽ ሲላት "ቤትማ እህቴ አለች፣ እኔ የወጣሁት ለምን ሆነና" ብላ መለሰችው። ይሄን ስትነግረኝ እንደ ቀልድ ነበር፤ እኔ ግን መሳቅ አልቻልኩም። የምትኖረው ከምግብ ቤቱ በላይ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው። ቀኑን ሙሉ ለሌላ ሰው ሠርታ፣ የራሷን እራት ቆማ፣ በማማሰያው ጫፍ ትበላለች።

"እማዬ አንድ ጊዜ ብቻ መጣች" አለች። "ራብሐ ደግፋ አመጣቻት። ጨርቅ የለበሰ ጠረጴዛ፣ አስተናጋጅ፣ ሁሉንም በደንብ አየች። ወቅቱ ባይሆንም ቁሌቱን ሠርቼ በጨው ከደረቀ ዓሣ ጋር አቀረብኩላት። በዝግታ በላች። 'ጥሩ ነው' አለች። ከዚያ 'ከማን ጋር ነው የሠራሽው?' አለችኝ። 'ብቻዬን ነው እማ' አልኳት።"

"ምን አለች?"

"'ያስታውቃል።'"

ከታች የመኪና ጥሩምባ ጮኸ፤ አንድ ሰው የሌላውን መንገድ ዘግቶ ኖሮ ይሰዳደባሉ። ዳሌንዳ ጭኗ ላይ ያለውን ቋጠሮ በሁለት እጇ ያዝ አደረገችው።

እናቷ የሞተችው ከስድስት ዓመት በፊት በረመዳን ሃያኛው ቀን ነው። ዳሌንዳ ደሴቲቱ ላይ ሦስት ቀን ለቅሶ ተቀምጣ ወደ ስፋክስ ተመለሰች። ከዚህ ቀጥሎ የሆነውን የኛ አገር ሰው ሳይነገረው ይገምታል። ሐዘን የገባበት ቤት በመጀመሪያው ዒድ ቁሌት አይሠራም፤ ምድጃው ይረፋል፣ የጎረቤት ሳህን ነው የሚበላው። የምግብ ቤቱ ጠረጴዛዎች ግን ለዒድ ምሳ ከሁለት ወር በፊት ተይዘዋል። ሰማንያ ሰው ይመጣል፤ ሁሉም የሚመጣው ለዚያ ቁሌት ነው።

"ዓሣ የሚጠርግልኝ ሽማግሌ አለ፣ ጋሽ ሙንሲፍ። 'ዳሌንዳ፣ ዘንድሮ ድስትሽ ይረፍ' አለኝ። እኔም 'ይሄ ቤት አይደለም ጋሼ፣ ሥራ ነው' አልኩት። 'ሰማንያ ሰው ምን ልበለው?' አልኩት። 'እናቴ ሞተች በያቸው' አለኝ።"

"ለምን አላልሽም ታዲያ?" አፌን መያዝ አቃተኝ።

ፊቷን ወደ ባሕሩ መለሰች።

"ለሰው ሁሉ ሰማንያውን እንግዳ ነው የምሰብበው" አለች። "ለራብሐም እንደዚያ ብያታለሁ። ለእርስዎ ግን፣ ስፋክስ ስንደርስ ስለምንለያይ፣ እውነቱን ልንገርዎት። ማማሰል ፈልጌ ነው። እዚያ ደሴት ላይ ለቅሶ ቤት፣ ሴቱ ሁሉ እኔን ያያል፤ የቴሌቪዥኗ ዳሌንዳ እንዴት ነው የምታለቅሰው ብሎ። እንባዬ እምቢ አለ። ራብሐ መሬት እየደበደበች ታለቅሳለች፣ እኔ እንደ እንግዳ ሻይ እቀበላለሁ። ስፋክስ ተመልሼ አሥር ኪሎ ሽንኩርት ፊት ስቆም ነው የመጣልኝ። ከጠዋት እስከ ማታ አለቀስኩ። ሽንኩርት ላይ የሚያለቅስን ሰው 'ምን ሆነሽ' ብሎ የሚጠይቅ የለም።"

እኔም አልጠየቅኳትም።

"ሰማንያውም ሰው ከዚያ በላ" አለች። "እስከ ዛሬ እንዲህ ያለ አልሠራሽም አሉኝ። እጄን ሊስሙ የመጡ ነበሩ።"

በማግስቱ፣ በዒድ ሁለተኛ ቀን፣ ከዚያው ድስት አንድ ሳህን ሞልታ በዚሁ መርከብ ወደ አታያ ሄደች። ወሬው ግን ቀድሟት ነበር። ስፋክስ ምሳ የበላ የሰፈራቸው ሰው ራብሐን መንገድ ላይ አግኝቶ "የእናታችሁን እጅ በላን፣ ነፍሷን ይማር" ብሏት ኖሯል። ምስኪን፣ ደግ የተናገረ መስሎት ነው።

ራብሐ በሩ ላይ ቆማ ሳህኑን አየችው።

"ይሄ ከየት ነው?" አለች።

"የእማዬ ነው፤ እንደሷ አድርጌ..."

"እዚህ ቤት ዘንድሮ እሳት አልነደደም። የጎረቤት ነው የበላነው። ሰባት ሳህን መጥቶልናል። ያንቺ ስምንተኛ ነው። ጎረቤት ነሽ ማለት ነው?"

"ራብሐ፣ እንግዶች ነበሩብኝ፣ ቀድመው..."

"አንቺን ሰማንያ እንግዳ ይጠብቅሽ ነበር። እማዬን ለዘጠኝ ዓመት ያስታመምኳት እኔ ነኝ። እኔን ማን ይጠብቀኝ ነበር?"

ከዚያ ሳህኑን ተቀበለቻት። ምግብ አይደፋም፤ ራብሐም አልደፋችውም። ወደ ሌላ ዕቃ ገለበጠችው፤ ሳህኑን አጠበችው፣ በፎጣ ወለወለችው፣ አምጥታ እጇ ላይ አስቀመጠችላት።

"ደረቅ ነበር" አለችኝ ዳሌንዳ። "አንድ ጠብታ ውሃ እንኳ አልተወችበትም።"

ከዚያ ወዲህ ምግብ ቤቷን ለዒድ ትዘጋለች። ቁሌቱን ፎቋ ላይ በራሷ ምድጃ ትሠራዋለች። ነገር ግን የዘቢብ ቁሌት ለአንድ ሳህን አይሠራም፤ ድስቱ ካልሞላ ሽንኩርቱ አይናገርም። ስለዚህ አሥር ኪሎውን ትቆርጣለች። ራሷ ታማስላለች፣ ራሷ ወንፊቱን ትይዛለች፤ የሚያወራ እንዲኖር ሬዲዮ ትከፍታለች። ሬዲዮው የሰፈሩን ሰው አያማም። አንዱን ሳህን ለራብሐ ታስቀምጥና የቀረውን ፎቁ ላይ ላሉት ታድላለች፤ ለዘበኛው፣ ለጥርስ ሐኪሙ፣ ለተማሪዎቹ፣ በየዓመቱ ለሚለዋወጠው ተከራይ። ሳህኖቹም በማግስቱ በሯ ላይ ተደርድረው ታገኛቸዋለች።

"በምን ተሞልተው?" አልኳት፤ ሳልጠይቅ አውቄው ነበር።

"በስኳር ነዋ። ማን ያውቀኛል? ትልቅ ማሰሮ ሙሉ አለኝ። ስድስት ዓመት ስኳር ገዝቼ አላውቅም።"

እየሳቀች ነው የተናገረችው።

ከራብሐ የሚመለሰው ሳህን ግን በየዓመቱ ያው ነው፤ የታጠበ፣ የደረቀ፣ ባዶ። በሩ ላይ ዒድ ሙባረክ ይባባላሉ፤ የመጣን ሳህን እምቢ ማለት ስለማይቻል ራብሐ ትቀበላለች፣ ትገለብጣለች፣ ታጥባለች። "ግቢ" አትላትም።

"ዛሬስ?"

"ዛሬ..." ቋጠሮውን በጣቷ ነካ አደረገችው። "ተቀብላኝ ገባች። እንደ ወትሮው የውሃ ድምፅ ሰማሁ፣ ከዚያ የፎጣው። ከዚያ ግን ቶሎ አልወጣችም። እኔ በሩ ላይ ቆሜ ጆሮዬን አቀናሁ። ወንድ አብሳዮችን ያሳፈረው ጆሮዬ ቤት ውስጥ ምን እየተደረገ እንደሆነ ሊነግረኝ አልቻለም። የቁም ሳጥን በር ሲከፈት ብቻ ሰማሁ። ከዚያ ይሄን ተቋጥሮ አመጣችው። እጄ ላይ ስታስቀምጠው ምን አለችኝ መሰለዎት?"

"ምን አለችሽ?"

"'ያምናው ልጣጭ ነበረበት፤ ወንፊትሽን ቀይሪ።'"

እልል ልል ምንም አልቀረኝም። "በልታዋለች ማለት ነዋ! ስድስት ዓመት ስትበላው ኖራለች!"

"እኔም እንደሱ ብዬ ነው ወደቡ ድረስ እየበረርኩ የመጣሁት። እዚህ ከተቀመጥኩ በኋላ ነው ፍርሃት የያዘኝ።" ቋጠሮውን ወደ ጆሮዋ አስጠግታ ቀስ ብላ ነቀነቀችው። "ቤት ስደርስ ልፍታው ብዬ ነበር። ግን ቤት ማን አለ? ማን ፊት ነው የምፈታው?"

"እኔ ፊት ፍቺው" አልኳት።

ፎጣው ሁለት ጊዜ ተቋጥሯል። ጣቶቿ እሳት የማይፈሩ ጣቶች ናቸው፤ ያን ቋጠሮ ግን አንድ ጊዜ ነክተው ተመለሱ። የላይኛውን ፈታች፣ የታችኛውን ፈታች፣ ፎጣውን ገለጠችው።

አንድ እፍኝ ስኳር ነበር። ነጭ፣ ከሳህኑ መሃል ላይ እንደ ትንሽ ክምር የተቀመጠ። የመርከቡ ንቅናቄ ከአንድ ጎን ትንሽ አፍስሶታል።

ያን ጊዜ ስለ ጋቤሱ ተከራይ የነገርኳትን ሁሉ መልሼ መዋጥ አማረኝ። "እንግዳ ነኝ ማለቱ ነው" ያልኩት እኔ ነኝ፤ በዚህ ምላሴ። አንድ ነገር ማለት ነበረብኝ፤ ሠላሳ አራት ዓመት ያወራሁበት አፌ ግን አልታዘዝ አለኝ። ባዶ ቢሆን ጥል ነው፣ ጥል ደግሞ ለእህትና ለእህት ነው የሚሆነው። ስኳሩ ግን ከማያውቁት ሰው የሚመጣ ነው። ወይም ደግሞ፣ እንደ ጋቤሱ ሰውዬ፣ ጎረቤትነት የሚጀመርበት። ሁለቱንም አሰብኩ።

ዳሌንዳ አላለቀሰችም። ጎንበስ ብላ የፈሰሰውን ቅንጣት በጣቷ ጫፍ እየሰበሰበች ወደ ክምሩ መለሰችው፤ አንዷንም አልተወችም። ከዚያ ጣቷን ቀመሰች።

"ስኳር ነው" አለች፤ ሌላ ነገር ሊሆን ይችል እንደነበረ ሁሉ።

ስፋክስ ቀረበ። የወደቡ ክሬኖች ታዩ፣ ታች መኪናዎቹ ሞተር አስነሱ፣ ሰዉ ልጁንና ዕቃውን እየጠራ ተነሣ። ያ ወፍራም ሰውዬ በአጠገባችን ሲያልፍ "ሼፍ፣ እናቴ ጋ ደወልኩ እኮ! ጎማውን ብሉ አለችን!" ብሎ ጮኸ። ዳሌንዳ እጇን አነሳችለት።

"ከኔ ቤት እንሂድ" አልኳት። "ሳህኖቼ ሞልተዋል፤ የወንድሜ ሚስት ጨው የበዛበት ቁሌትም አለ። መጥተሽ ምን እንደሚል አዳምጪልኝ።"

"ነገ ሥራ ይከፈታል፤ ሽንኩርት ማስገባት አለብኝ" አለች። ከዚያ አድራሻዬን ጠየቀችኝ፣ በስልኳ ጻፈችው፤ ለመጪው ዒድ አንድ ሳህን እንደምትልክልኝ ነገረችኝ።

"እኔ ስኳር አልመልስልሽም" አልኳት።

"አውቃለሁ" አለች።

ደረጃው ላይ ሰው ሲገፋፋ ተለያየን። ታች ሰልፉ ውስጥ መልሼ አየኋት፤ ሕዝቡ በግራ በቀኝ እየገፋት ቋጠሮውን ከደረቷ አስጠግታ በክንዷ ከልላዋለች። ከወደቡ በር ላይ ስንደራረስ እጄን ያዘችኝ፤ ፎጣውን ዳግም ሁለት ጊዜ ቋጥራዋለች።

"መምህርት" አለችኝ፣ "ይሄኛውን ማሰሮው ውስጥ ካለው ጋር አልቀላቅለውም።"